እናቶቹ ያልተጻፉበት ሐረግ

የመስቀል በዓል በደረሰ ቁጥር፣ በመርካቶም ሆነ በሌላው የአገራችን ከተማ ተበትኖ የሚኖረው የጉራጌ ተወላጅ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ በወልቂጤና በቡታጅራ መንገድ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲጎርፍ፣ ጀፎረ በሚባለው የመንደር ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደሩት ጎጆዎች ሁሉ በሰው ይሞላሉ፤ በእኛም ቤት ክትፎው ተበልቶ ምርቃቱ ካበቃ በኋላ፣ ከልጅ ልጆቹ አንዱ ተነሥቶ የማን ልጅ እንደ ሆነ እንዲጠይቅ፣ በዕድሜ የበለጸጉትም ሽማግሌ አባቶችን ወደ ኋላ እየቆጠሩ እንዲነግሩት የቆየ ልማድ አለ። እኔም ባለፈው በዓል ከቡታጅራ እምብዛም በማይርቀው በአያቴ ወንድም ቤት ተቀምጬ፣ ይህን ቆጠራ በደብተር ላስፍረው ብዬ ብዕሬን አወጣሁ።

አባባ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ቃላቸው ግን ያልደከመ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ፣ አሥራ አንድ አባቶችን ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ ቆጠሩልኝ። ወደ መጀመሪያው ተመልሼ ሦስተኛው ላይ ብዕሬን አቆምሁና፣ «አባባ፣ የእኚህስ እናት ማን ይባሉ ነበር? ስንትስ ልጅ ወለዱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸው እንደ ታጠፈ በአየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ በምድጃው ወገን ጀበናውን ሲጥዱ የነበሩት ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ እኛ መለስ አድርገው፣ «እሱን እኔ ልንገርህ፣ ልጄ» አሉኝ። «እንሰት ስንፍቅ አማቴ ያወሩኝ ነበር። የተቆጠሩት ሦስት ወንዶች ብቻ አይደሉም፤ ሁለት ጆሯቸው የማይሰማ ልጆችም ነበሩ፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ። ዘር ሳይተዉ ሞቱ፤ ታዲያ ማን ብሎ ይቆጥራቸዋል?»

ከዚያች ሌሊት ወዲህ የእማማ ጥያቄ በልቤ ተተክሎ ቀርቷል። እኛ የትውልድ ሐረግን በቃል ጠብቀው ካቆዩት ሕዝቦች ወገን ነን፤ ይህ የማይካድ ክብር ነው፤ ነገር ግን ጠብቀን ያቆየነው ሐረግ ግማሽ ነው፤ አባቱን እንጂ እናቱን፣ ወራሽ የተወውን እንጂ ያለ ወራሽ ያለፈውን፣ ጤነኛውን እንጂ ሕመምተኛውን አይመዘግብምና። በዘመናችን ደግሞ፣ ደዌ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ በኮምፒዩተር የሚመረምር ታላቅ የስሌት ጥበብ ተገኝቷል፤ ይህም ጥበብ ከእኛ የሚሻው ያንኑ የተውነውን ግማሽ ነው። ሽማግሌዎቻችንና በተለይም አሮጊቶቻችን በሕይወት ሳሉ ይህ ግማሽ ይጻፍ እላለሁ፤ ይህችንም ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸው ነው።

እናትን መጻፍ ለሃይማኖታችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን በሐረገ ትውልድ ሲጀምር፣ ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ያለውን ዘመን ሦስት ጊዜ አሥራ አራት ትውልድ አድርጎ አባቶችን ቢቆጥርም፣ በመካከሉ ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ሳያነሣ አላለፈም፤ ቆጠራውንም የፈጸመው በእመቤታችን በማርያም ስም ነው። ሙስሊሙ ወገናችንም ነሰብን፣ ማለትም የዘር ሐረግን፣ ማወቅ ዝምድናን ለመጠበቅ እንደሚረዳ አምኖ ያከብረዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ፤ አንባቢዬም ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ፣ የነገሩ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ኦስትሪያዊው መነኩሴ ግሪጎር ሜንዴል በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ ተመራምሮ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ድርሳኑ እንዳስረዳው፣ ፍጡር እያንዳንዱን ባሕርይ በሁለት ቅጂ ይወርሳል፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሁለተኛውን ከእናቱ። እርሱም በተራው ለልጁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያወርሳል፤ የትኛው እንደሚያልፍ ግን እንደ ዕጣ ነው። እነዚያ የማይሰሙት ሁለት ልጆች ደንቆሮ የሆኑት በትኩሳት ወይም በማጅራት ገትር ሳይሆን በትውልድ እንደ ሆነ እንቀበልና፣ አባትና እናታቸው ራሳቸው ደኅና አድርገው ይሰሙ ነበር እንበል። እንዲህ ከሆነ ወላጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጤነኛና አንድ የተበላሸ የዘረመል ቅጂ ተሸክመው ነበር ማለት ነው፤ ከሚወልዷቸውም ልጆች እያንዳንዱ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች ወርሶ ደንቆሮ ሆኖ የመወለዱ ዕድል ከአራት አንድ ነው። የምትሰማ እኅት ብትኖራቸው ደግሞ፣ ደንቆሮ አለመሆኗ ከአራቱ ዕጣ አንዱን ስለሚሰርዘው፣ በቀሩት ሦስቱ ውስጥ ሁለቱ የተሸካሚነት ናቸውና፣ የተበላሸውን ቅጂ በስውር የመሸከሟ ዕድል ከሦስት ሁለት ይሆናል፤ ባሏ ከዚህ ነገር ነጻ ከሆነ የልጇ ዕድል ከሦስት አንድ ነው። ይህን ያህሉን ማንም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በጣቱ ሊቆጥረው ይችላል።

መከራው የሚመጣው ሐረጉ ሲሰፋ ነው። ከላይ እንዳየነው እያንዳንዱ ሰው ከሦስት ሁኔታ በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ወይ ሁለት ጤነኛ ቅጂ አለው፣ ወይ አንድ ጤነኛና አንድ የተበላሸ፣ ወይ ሁለት የተበላሸ። ሃያ ሰው ያለበት ቤተ ዘመድ ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ዕድል ሰጥተን ሁሉንም ቅንብር አንድ በአንድ እንመርምር ብንል 3,486,784,401 ቅንብር እናገኛለን፤ ሠላሳ ሰው ቢሆን ከ205 ትሪሊዮን ያልፋል። የአንድ ጉራጌ ሽማግሌ ቤተ ዘመድ ደግሞ ሠላሳ አይደለም፣ ሦስት መቶም ቢባል አይበዛበትም። እንዲህ ባለው መንገድ የሚሄድ ኮምፒዩተር ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን እስከ ዕለተ ምጽአት ሲቆጥር ይኖራል።

ይህን ቋጠሮ የፈቱት ሮበርት ኤልስተንና ጆን ስቱዋርት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ያስተዋሉት ነገር ከተነገረ በኋላ ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም የወላጆቹ ሁኔታ አንዴ ከተወሰነ የአንዱ ልጅ ዕጣ በሌላው ልጅ ዕጣ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም፤ የልጅ ልጆችም ስለ አያቶቻቸው የሚሰጡት ምስክርነት በወላጃቸው በኩል ካልሆነ በቀር በሌላ በር አይገባም። ስለዚህ ሐረጉን በሙሉ በአንድ ጊዜ መሸከም አያስፈልግም፤ ከጫፍ ካለው ታናሽ ቤተሰብ ተነሥቶ፣ የዚያን ቤት ምስክርነት በሦስት ቁጥሮች አጠቃሎ፣ ከትልቁ ግንድ ጋር ለሚያገናኘው አንድ ሰው አስረክቦ፣ ቤቱን ከሐረጉ ላይ መላጥ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

መላጥ ያልሁት ከራሴ አምጥቼ አይደለም፤ ሊቃውንቱም በቋንቋቸው ይህንኑ ስሌት መላጥ ብለው ይጠሩታል። እኔ ግን ቃሉን መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣችው እናቴ ናት። እንሰቱ ተነቅሎ ከወደቀ በኋላ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ግንዱን ከውጭኛው ንብርብር ይጀምሩና አንዱን ልጥ ከሌላው እያላቀቁ፣ በተደገፈው ጣውላ ላይ ዘርግተው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል፤ ለቆጮ የሚሆነው ከሥር ይከማቻል፤ ቃጫው ለብቻው ይቀራል፤ የተፋቀው ልጥ ዳግመኛ አይነሣም፣ ያለው ሁሉ ወጥቷልና። እንዲህ እያለ እጅ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ከሥር አሚቾው ብቻውን ይገኛል። ግንዱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ልፋቅ የምትል ሴት በጉራጌ ምድር አልተወለደችም። የኤልስተንና የስቱዋርትም ስሌት እንዲሁ ነው፤ አባት በሦስት፣ እናት በሦስት፣ ልጅ በሦስት ሲባዛ ለአንድ ልጅ 27 ስሌት ነው፤ ሃያ ሰው ባለበት ሐረግ ውስጥ አሥራ ሦስቱ እዚያው የተወለዱ፣ ሰባቱ ከውጭ የገቡ ቢሆኑ፣ ያ ሦስት ቢሊዮን ተኩል የሚጠጋው ድካም ወደ 351 ገደማ ይወርዳል። ሰው በጨመረ ቁጥርም ሥራው የሚጨምረው በሰው ልክ እንጂ በብዜት አይደለም።

እዚህ ላይ የአባቶቻችን ሥርዓት የሚያስደንቅ ሆኖ ይገኛል። ስሌቱን ከሚያከብዱት ነገሮች ዋናው ቀለበት ነው፤ ዘመዳሞች ሲጋቡ ሐረጉ ዞሮ በራሱ ላይ ይቋጠራልና፣ መላጡ መጀመሪያና መጨረሻ ያጣል፤ ቀለበቱን ለመፍታት በላዩ ካሉት ሰዎች የአንዱን ሁኔታ በግምት ይዞ ስሌቱን ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ሁለት ቀለበት ቢሆን ዘጠኝ ጊዜ፣ ሦስት ቢሆን ሃያ ሰባት ጊዜ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አትጋቡ የሚለው ትእዛዝና የጉራጌ ጎሳዎች ከራሳቸው ጎሳ ያለማግባት ሥርዓት፣ ለሥጋና ለደም ጥንቃቄ የቆሙ ቢሆኑም፣ ሳይታሰብ ለኮምፒዩተሩ የተቃና ሐረግ አቆይተውለታል። ሁለት ወንድማማቾች ሁለት እኅትማማቾችን ሲያገቡ እንኳ ቀለበት ስለሚፈጠር፣ ቀለበት ፈጽሞ የለም አልልም። ደግሞም ቀለበቱን የምናውቀው እናቶችን ስንጽፍ ብቻ ነው፤ በአባት ብቻ በተቆጠረ ሐረግ ላይ ሁለት ባዕዳን የሚመስሉ ሰዎች በእናታቸው ወገን የአንዲት አያት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥበቡ በ1971 አልቆመም። በክሮሞሶም ላይ የሚገኙ ብዙ ምልክቶችን በአንድነት መመርመር ሲፈለግ መላጡ ብቻውን አልበቃ ስላለ፣ ኤሪክ ላንደርና ፊሊፕ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን ገልብጠው ያዙት፤ በሰው ላይ መሄድን ትተው በክሮሞሶሙ ላይ ከምልክት ወደ ምልክት ተራመዱ። ይህም መንገድ ምልክቱ ሺህ ቢሆን አይደክምም፤ በሰው ብዛት ግን ይሸነፋል፣ እያንዳንዱ ተወላጅ ከአባቱና ከእናቱ ሁለት ዕጣ ስላለው ለአሥራ ሦስት ተወላጆች 67,108,864፣ ለሃያ ተወላጆች ከአንድ ትሪሊዮን በላይ የውርስ ጎዳና ይኖራልና። አንዱ ለሰፊ ሐረግና ለጥቂት ምልክት፣ ሌላው ለጠባብ ሐረግና ለብዙ ምልክት ተከፋፈሉት፤ በኋላም በእስራኤል አገር እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራው ሱፐርሊንክ የተባለው ፕሮግራም ከየት መላጥ ቢጀመር እንደሚቀል ራሱ እየመረመረ ሁለቱን አስታረቀ። የስሌቱ ፍሬ የሚመዘንበትን ሚዛን ደግሞ ኒውተን ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1955 አስቀድሞ ሠርቶት ነበር፤ አንድ ደዌና አንድ የክሮሞሶም ምልክት አብረው ይወረሳሉ ለማለት፣ ማስረጃው አንድ ሺህ እጥፍ ወደዚያ ማዘንበል አለበት።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረ ምርምር አለመሆኑን ለማየት የቬኔዙዌላን የማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ በድኅነት የሚኖሩ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች አሉ፤ ሰውን በጎልማሳነቱ አእምሮውንና አካሉን የሚያናውጠው የሃንቲንግተን ደዌ በዓለም ላይ እንደዚያ በብዛት የተገኘበት ስፍራ የለም። እናቷን በዚሁ ደዌ ያጣችው ናንሲ ዌክስለር ከባልንጀሮቿ ጋር ከመንደር መንደር እየዞረች፣ አሮጊቶችን እየጠየቀች፣ እያደር ከ18,000 ሰው በላይ የያዘ ሐረግ ጻፈች። ያም ሐረግ ከደም ናሙና ጋር ተያይዞ በተሰላ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1983 የደዌው ዘረመል በአራተኛው ክሮሞሶም ላይ መሆኑ ታወቀ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ዘረመሉ ራሱ ተያዘ። እንግዲህ ያን ቁልፍ ለዓለም የሰጡት በዚያ ሐይቅ ዳር የአያቶቻቸውን ስም ያልረሱ ድኆች ናቸው።

ከእኛም ደጅ ምሳሌ አለ። በወላይታ፣ እግርን የሚያሳብጠውና በሕዝብ ዘንድ ዝሆኔ ተብሎ የሚጠራው፣ በትንኝ ሳይሆን በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ደዌ፣ በአንዳንድ ቤት ብቻ እየተደጋገመ መታየቱ ለብዙ ዘመን ሲያነጋግር ኖሯል። አፈሩ አንድ፣ እርሻው አንድ ሆኖ ሳለ ስለ ምን አንዱ ጎረቤት ይታመማል፣ ሌላው ይድናል? ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ የ59 ቤተሰቦችን ሐረግ መዝግበው፣ ከዚያው ከመላጡ ሥር በበቀለው ስሌት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 እንደ ገለጡት፣ ለደዌው ከሚያጋልጠው ልዩነት 63 ከመቶ ያህሉ በውርስ የሚገኝ ነው፤ የታመመ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰውም ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ለደዌው የተጋለጠ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልደረቦቹ ጋር 194 ሕመምተኞችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ በታወቀው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ነገሩ ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው ዘረመሎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳተመ። አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ግን የፊተኛውን ጥናት ነው፤ በዚያ ጥናት ለውርሱ ምስክር የሆነው ሐረጉ ነው፤ ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ጫማ አደረገ የሚለው ብቻ። የክሮሞሶም ንባብ ውድ ነው፤ የአያት ቃል ግን ብዕርና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ታዲያ እንዲህ ላለው ሥራ ከቡታጅራ የተሻለ ስፍራ በአገራችን የት ይገኛል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና መምህራን ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው፣ ዶክተር ደስታ ሻሜቦ ከመሪዎቹ አንዱ ሆነው፣ በ1979 ዓ.ም. በመስቃንና ማረቆ የዘጠኝ ገጠር ቀበሌዎችንና የአንድ ከተማ ቀበሌን ሕዝብ ቆጥረው የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ መዝጋቢዎቹ በየጊዜው እየተመላለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ጽፈዋል። በዚህች ምድር ላይ የተደረገው የአእምሮ ሕመም ጥናትም በዓለም የታወቀ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውም፣ ባይፖላር የተባለው ሕመም ያለባቸውም በየወገናቸው ከሦስት መቶ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ፣ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ተነጥለው በሚኖሩት ክርስቲያኖች ዘንድ ደግሞ አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ባይፖላሩ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገልጠዋል። እነዚህ ሕመሞች በአንድ ዘረመል የሚወሰኑ አለመሆናቸውን ዓለም አሁን ደኅና አድርጎ ያውቃል፤ ቢሆንም በቤተ ዘመድ ውስጥ እንደሚደጋገሙ እርግጥ ነው፤ እንዴት እንደሚደጋገሙ የሚናገረውም ሐረግ ነው።

ይሁን እንጂ የቡታጅራ መዝገብ የተተከለው በቤት ላይ ነው። ቤት ማለት ደግሞ አብሮ የሚበላና አብሮ የሚያድር ሰው ነው፤ ደም ግን ከቤት አይታጠርም፤ ሴት ልጅ በሠርጓ ቀን ከበሩ ስትወጣ የአባቷንም የእናቷንም ውርስ ይዛ ወደ ሌላ ጀፎረ ትሻገራለች፤ ወንድሟም ለንግድ አዲስ አበባ ገብቶ እዚያው ይወልዳል። መዝገቡ ሐረግ ይሆን ዘንድ ቤትን ከቤት የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ሰው ስም አንጻር የእናትና የአባት መለያ ቁጥር፣ እነርሱ በሌላ ቀበሌ ይኑሩ በመቃብር ይኑሩ ሳይባል መኖር ነው። ይህን ድልድይ መሥራት የሚችሉት ወጣቶች ሩቅ አይደሉም። በጉብሬ በሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚማሩ ልጆቻችን በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ፍለጋ ሲናውዙ አያለሁ፤ ብዙዎቹም የሱቅ ዕቃ መመዝገቢያ ወይም የሆቴል አልጋ መያዣ ሠርተው ይመረቃሉ። ይህን ንቄ አልናገርም፣ እንጀራ ነውና። ነገር ግን የመላጡ ስሌት ጥቂት ገጽ ፕሮግራም ነው፤ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል፤ የአማርኛና የጉራግኛ ስሞችን፣ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሌለውን አጠራራችንን፣ አንድ ሰው በክርስትና ስምና በመጠሪያ ስም ሁለት ሆኖ መመዝገቡን በሚገባ የሚያውቅ ፕሮግራም ግን የውጭ አገር ሰው አይሠራልንም። ያን ለመሥራት የመንደሩ ልጅ መሆን ያስፈልጋል።

የሚቃወመኝ ሰው ቢኖር ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ቀላልም ምክንያት አይደለም። ደዌ በዘር ይሄዳል የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ገድሏል። ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ ሙሽራ አያገኝም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት ከሰው ተለይቶ በጓዳ ያረጃል፤ ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂ ወገን በድብቅ የዘመድ ሕመም ያጣራል። እንግዲህ ሐረግ ከነሕመሙ ይጻፍ ማለት ለሐሜተኛ መጽሐፍ ማዘጋጀት አይሆንምን? ይህ ፍርሃት እኔንም ይዞኛል፤ እማማ ስለ ሁለቱ ልጆች ሲናገሩ አባባ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ነበር አልሸሸግም። ነገር ግን ሐሜቱ አሁንም ያለ መጽሐፍ ሥራውን ይሠራል፤ በጭፍንም ስለሚሠራ ንጹሑን ከተሸካሚው፣ በትኩሳት የደነቆረውን በትውልድ ከደነቆረው ሳይለይ ሁሉን በአንድ ላይ ይፈርድበታል። ስሌቱ ግን ይለያል። ከሦስት ሁለት የነበረውን ዕድል፣ ከተሸካሚ ባል አምስት ደኅና የሚሰሙ ልጆች የወለደች እናት ምስክርነት ሲጨመርበት እንዴት ዝቅ እንደሚል በቁጥር ያሳያል፤ የወላይታውም ጥናት የልጁ ጫማ ማድረግ ከውርሱ ጋር አብሮ እንደሚመዘን አሳይቷል፤ ተጋላጭነትን ከአያቱ የወረሰ ልጅ እግሩን ታጥቦ ጫማ ቢያደርግ ደኅና ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ ሥርዓት ይኑረው እላለሁ። ስሙ ያለበት ደብተር ከቤተ ዘመዱ እጅ አይውጣ፤ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባው ቁጥር ብቻ ይሁን፤ አልፈልግም ያለ ሰው ስፍራው ባዶ ይቀመጥለት፤ ማን የማን አባት እንደ ሆነ ቤተ ዘመዱ የተናገረው ይጻፍ እንጂ በደም ምርመራ ትዳር የሚያፈርስ ምሥጢር አይቆፈር። የጆካን ሸንጎ ያቆመ፣ ከባድ ነገርን በሽማግሌ ፊት በመሐላ የሚጨርስ ሕዝብ፣ ለዚህ የሚሆን ደንብ ማውጣት አያቅተውም። የአገር ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶችና የመስጊድ ኢማሞች አስቀድመው ያልመከሩበት ምዝገባ ደግሞ በአንድ ጎጆ እንኳ ደጃፍ አይግባ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በመስቀል ሰሞንም ሆነ በአረፋ ወደ አገር ቤት የምትገቡ ሁሉ፣ ለአባትና ለእናታችሁ ከምትይዙት ጋቢና ስኳር ጋር አንድ ደብተር ያዙ። አባቶችን ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ ምድጃው ወገን ዞር በሉና አሮጊቶችን ጠይቁ፤ ማን ከየት መጥታ ገባች፣ ስንት ወለደች፣ ስንቱ በሕፃንነት ሞተ፣ ማን ዓይኑ ጠፋ፣ በስንት ዓመቱ ታመመ፣ ማን ወደ ዓረብ አገር ሄዶ ቀረ። በልጅነቱ የሞተ ሕፃን ለአባቶች ቆጠራ ምንም አይደለም፤ ለስሌቱ ግን እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ሙሉ ምስክር ነው።

እኔ የጻፍሁት ሐረግ አሁን በፊቴ ተዘርግቷል። ሊቃውንቱ ወንድን በአራት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ ይሥላሉ፤ ክቡ ከላይ እንደሚታይ ጎጆ ነው። ዛሬ ስድሳ ሁለት ሰው ደርሷል፤ የማይሰሙት ሁለቱ በወንድሞቻቸው መካከል ገብተው፣ እንደ ሥርዓቱ ጥላ ተቀብተው ተቀምጠዋል። ከእነርሱ በላይ ግን አንድ ክብ ባዶ ነው፤ የአባታቸው እናት። እማማም ስሟን አልሰሙም፤ ከማረቆ ወገን የመጣች መሆኗን ብቻ አማታቸው ነግረዋቸዋል። ስሌቱ ባዶ ክብን አይፈራም፤ ሦስቱንም ሁኔታ በየሚዛናቸው ወስዶ ያልፋል። እኔ ግን ማረቆ ውስጥ የእማማ ታናሽ እኅት እንዳሉና አሁንም በደንብ እንደሚያወሩ ነግረውኛልና፣ ለጥምቀት እዚያ እሄዳለሁ።